ከመንግሥታት የሚረዝም ዕዳ

ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ኮባልት 60 ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንሰው በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው። ሲዚየም 137 ለዚሁ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው በጥር 1956 ነበር (ከኢትዮጵያ አዋጆች በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በ1958፣ በ1969፣ በ1985፣ በ1989፣ በ2019 እና በ2021 ወታደሩ አንዳንዴ በራሱ ፈቃድ፣ አንዳንዴም የሕዝብ ዐመፅ ገፍቶት መንበሩን ገልብጧል። ከመጀመሪያው ግልበጣ እስከ ስድስተኛው 63 ዓመት ይሆናል። በመጀመሪያው ግልበጣ ዋዜማ ካርቱም ውስጥ አንድ ዕቃ ሲዚየም ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ስድስተኛው ሲደርስ ሩብ ያህሉ ገና እየጨረረ ይጠብቀው ነበር።

ይህን ሒሳብ የማነሣው ስለ ሱዳን ፖለቲካ ለመፍረድ አይደለም። የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ መንግሥት የጨረር ምንጭ አገር ውስጥ ሲያስገባ፣ ከራሱ ዕድሜ የሚረዝም የጥበቃ ግዴታ ፈርሞ ይገባል። ፈራሚው ይሄዳል፤ ግዴታው ይቀራል። ታዲያ ለዚህ ጥበቃ፣ ማለትም ለምርምሩ፣ ለሥልጠናውና ለቁጥጥሩ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይምጣ? በምንስ ዓይነት ቃል ኪዳን ይታሰር? ጥያቄው ሲታይ የበጀት ሹሞች ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን የተወለዱትና ያልተወለዱት፣ የገዙትና የሚወርሱት በአንድ ሰነድ ላይ የሚፈራረሙበት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ሱዳን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1958 ነው፤ የመጀመሪያው ግልበጣ በተካሄደበት ዓመት። ኢትዮጵያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በ1957 ገብታለች። በ1967፣ የዐረብ መሪዎች ካርቱም ተሰብስበው እስራኤልን በሦስት እምቢታ በመለሱበት ዓመት፣ የካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ተቋቋመ። የከተማው ሰው የአቶም ሆስፒታል እያለ የሚጠራው ይህ ነው። ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን፣ ከከሰላ የመጣ የካንሰር ሕመምተኛ ለብዙ ዘመን ተስፋውን ይዞ የሚያንኳኳው የእርሱን በር ነበር።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ሥራ ነበር። የሱዳን የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ካርቱም ውስጥ የጨረር መለኪያዎች የሚታረሙበት ቤተ ሙከራ ነበረው። የራጅ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ትንሽ መለኪያ በየጊዜው ተሰብስቦ ይነበባል፤ በሕግ ከተቀመጠው ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት እንዳላለፉ ይረጋገጣል። ለተራው ሰው ከሰው ሠራሽ ምንጭ የተፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ብቻ ነው፤ ከሕክምናው በቀር። ምድርና ሰማይ ራሳቸው ለእያንዳንዳችን በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያድሉናል። እነዚህን ትናንሽ ቁጥሮች መለየት የሚችል ሰው ማፍራት ዓመታት ይወስዳል። በሱዳን የሳይንስ አካዳሚ ሥር በጨረር መከላከል የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ወጣቶች የየሆስፒታሉን የራጅ ክፍል ግድግዳ እየለኩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፉ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ኑባ ተራሮች ሄደው በኡሮና በኩሩን ያለውን የፎስፌት ዐለት መርምረዋል፤ ዐለቱ ዩራኒየም በብዛት የተሸከመ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለማዳበሪያ ልቆፍረው የሚል ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። በ2017 ደግሞ የኒውክሌርና የጨረር ቁጥጥርን ከአስፋፊው ወገን የሚለይ ሕግ ወጥቶ ራሱን የቻለ የቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ዜና አይሆንም። የተሰበሰበ መለኪያ፣ የታረመ ማሽን፣ የተጻፈ ዘገባ ጋዜጣ አይሸጥም። የደኅንነት ሥራ ውጤቱ ያልሆነው ነገር ነው፤ ያልታመመው የራጅ ሠራተኛ፣ ያልተቃጠለው የሕመምተኛ ቆዳ፣ ያልተዘረፈው ምንጭ። ዘበኛ ሌባ ያልመጣበትን ሌሊት ሁሉ ደመወዝ ሲበላ፣ ባለቤቱ ቀስ በቀስ ማጉረምረም ይጀምራል። ምክር ቤትም እንዲሁ ነው። ሰላሳ ዓመት ምንም ካልሆነ፣ ምንም ያልሆነው በጥበቃው ምክንያት ነው ወይስ መጀመሪያም አደጋ ስላልነበረ? በሰላሙ ጊዜ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። ማረጋገጫው የሚመጣው ጥበቃው ሲቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማረጋገጥ ለማንም አይጠቅምም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ምክሩ ግልጽ ነበር፤ ችግሩ ሳይቃጠል ቅጠሉን ይዞ የቆመው ሰው ሁልጊዜ ሥራ ፈት መምሰሉ ነው።

የካንሰር ማሽኑ ይህን እውነት በየወሩ ይነግረናል። ኮባልት በየወሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ፊዚሲስቱ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የሕክምና ደቂቃ በየጊዜው እንደ አዲስ ማስላት አለበት። ምንጩ ሳይቀየር አምስት ዓመት ከሦስት ወር ካለፈው ሕመምተኛው ማሽኑ ሥር የሚተኛው እጥፍ ጊዜ ነው፤ ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል። አዲስ ምንጭ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ አሮጌውን ለመመለስ ወይም ለማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ወጪ። ድኻ አገር መጀመሪያ የሚያዘገየው ይህን ነው። አሮጌው ኮባልት ለሕመምተኛ ደካማ ቢሆንም፣ ከመከላከያው ከወጣ ሰው ለመግደል የሚበቃ ጉልበት ይዞ ይኖራል። የበጀት እጥረት እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንዴ በማዳን አቅም፣ አንዴ በመጉዳት አቅም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በደይም፣ በሰሃፋ፣ በጅሬፍ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሀበሾች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ መተማ ሲጎርፉ፣ የአቶም ሆስፒታሉ ያለበት መሃል ከተማ የተኩስ ሜዳ ሆኖ ነበር። ማዕከሉ ሥራውን አቆመ። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ተዋጊዎች የአገሪቱን ብሔራዊ የኅብረተሰብ ጤና ቤተ ሙከራ እንደያዙ፣ ባለሙያዎቹም ተባርረው የኩፍኝ፣ የኮሌራና የፖሊዮ ናሙናዎች ያለ ጠባቂ መቅረታቸውን አስታወቀ። ከካርቱም የሸሸው የካንሰር ሕመምተኛ ወደ ወድ መደኒ ሄደ፤ በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒም ተያዘች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የካርቱም ነዋሪ ያውቀዋል። መኖሪያ ቤት ተዘረፈ፣ ፋብሪካ ተፈታ፣ የመዳብ ገመድ ከመሬት ሥር ሳይቀር ተመዝዞ ተሸጠ። ጦርነት ከተማን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይለውጣል፤ ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ገዢ አያጣም።

የጨረር መከላከል ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የሚያስታውሱት አንድ የብራዚል ከተማ አለ። በመስከረም 1987 ጎያንያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ባለቤቶቹ ጥለውት ከሄዱት፣ ግማሹ ከፈረሰ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ከባድ ብረት ነቅለው ወሰዱ። እኛ ቆራሌ የምንለው ዓይነት ነጋዴ ገዛቸው። ብረቱ ውስጥ የነበረው ሲዚየም በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ነበርና፣ ሰውየው የከበረ ነገር መስሎት ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፈለው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። 112,000 ያህል ሰው ስታዲየም ተሰብስቦ ተመረመረ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። ነገሩ የታወቀው የነጋዴው ሚስት ቤተሰቡ በሙሉ ሲታመም የቀረውን በከረጢት አድርጋ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ ስለወሰደችው ነው። በነገሩ የተጠራጠረ ሐኪም ከተማው ውስጥ የነበረ አንድ ፊዚሲስት እንዲጠራ አደረገ። ፊዚሲስቱ ዩራኒየም ለመፈለግ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ መጣ። ወደ ሕንፃው ሲቃረብ መርፌው ጥግ ድረስ ስለሄደ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንሥተው ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት እየተዘጋጁ ነበር።

ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ካርቱምን እያሰብኩ ነው የማነብበው። ነጩና ጥቁሩ ዓባይ የሚገናኙባት፣ ከእርሷ በታች ያለው አገር ሁሉ የሚጠጣባት ከተማ ናት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አደገኛ ነገርን ከሰው ማራቅ ሥራቸው ነው፤ ወንዝ ደግሞ ያርቃል። ያጡት ቅንነት ሳይሆን ዕውቀት ነበር። ያንን ዕውቀት በዚያ ሰዓት ይዞ የተገኘው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ከዓመታት በፊት በሆነ የሕዝብ ገንዘብ ተምሯል፤ መለኪያው በሆነ የሕዝብ ገንዘብ ተገዝቷል። የተማረበት ዓመት የበጀት መዝገብ ላይ ይህ ወጪ ምን ጥቅም እንዳለው ማንም ሊጽፍ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ለጨረር ደኅንነት የሚወጣ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ በትክክል መናገር አለብን። መሣሪያ ብቻ የሚገዛ ይመስላል፤ ለጋሽ አገሮችም መሣሪያ መስጠት ይወዳሉ፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በዋናነት የሚገዛው ግን መርፌው ጥግ ሲሄድ መሣሪያውን ከመጠርጠር አልፎ ዓለሙን መጠርጠር የሚችል አእምሮ ነው። ይህ አእምሮ በአንድ የሦስት ሳምንት ሥልጠና አይሠራም። መምህር ይፈልጋል፣ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገም ደመወዝ እንደሚመጣ ማመን ይፈልጋል። ጦርነት መጀመሪያ የሚበትነው ይህን ነው። የካርቱም ሕንፃ ሊጠገን ይችላል። በካይሮ፣ በጅዳ፣ በአዲስ አበባ የተበተነው ፊዚሲስት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገብቶ ሌላ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በግንበኛ አይመለስም።

የሚያድነን ነገር ሁልጊዜ ጥበቃ አይደለም፤ አንዳንዴ ዕድል ነው። በ2014 አይሲስ ሞሱልን ሲይዝ በከተማው ውስጥ ለካንሰር ሕክምና የመጡ ሁለት የኮባልት 60 ምንጮች በእጁ ሥር ወደቁ። ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ሳይነኩ ተገኙ። በ2003 ባግዳድ አጠገብ በቱወይታ የሆነው ግን ሌላ ነበር፤ ድኾች የዩራኒየም ዱቄት የነበረበትን በርሜል ደፍተው ውኃ መያዣ አደረጉት። ሁለቱም የሆኑት በአንድ አገር፣ በኢራቅ ነው። አንዱ ጋ ዕድል ሠራ፤ ሌላው ጋ አልሠራም። ዕድልን በበጀት ሰነድ ላይ መጻፍ የሚደፍር የለም፤ ጥበቃውን በሰረዝን ቁጥር ግን የምንጽፈው እርሱን ነው።

አደጋው ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። በ1983 መጨረሻ የሜክሲኮ ቆራሌዎች የሸጡት የኮባልት ማሽን ከብረት ጋር ቀልጦ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኖ ድንበር ተሻግሯል። የታወቀው ፌሮ የጫነ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል በር ሲያልፍ፣ የበሩ መለኪያ ስለጮኸ ነው። ካርቱም ዛሬ ከፍርስራሽ እየተነሣች ነው፤ ፍርስራሹ ደግሞ ፌሮ እየሆነ ይመለሳል። ያን ብረት ከመቅለጡ በፊት የሚለካ በር የሚያስፈልገው እዚያ ብቻ አይደለም፤ ብረት ገዝቶ ቤት በሚሠራ ጎረቤት አገር ሁሉ ነው።

ከደኅንነቱ ሌላ የዚህ ገንዘብ ሁለተኛ ፍሬ እውነት ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1998 አሜሪካ ካርቱም ባሕሪ ያለውን የሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ በሚሳይል መታች። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ከፋብሪካው አጠገብ ተወሰደ የተባለ የአፈር ናሙና ነበር፤ ውስጡ የነርቭ ጋዝ መሥሪያ ኬሚካል ተገኝቷል ተባለ። ሱዳን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መጥቶ ይመርምር ብላ ጠየቀች፤ ምርመራው አልተደረገም። ፋብሪካው ኬሚካል እንጂ ጨረር የሚመለከተው አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የራሱን አፈር ራሱ ለክቶ ዓለም የሚያምነው ውጤት ማቅረብ ያልቻለ አገር፣ በሌላ ሰው ልኬት ይፈረድበታል።

ውስጥ ለውስጥም እንዲሁ። የመረዌ ግድብ ሲሠራ በሰሜኑ በረሃ አደገኛ የጨረር ቆሻሻ ተቀብሯል የሚል ወሬ በ2015 አንድ የቀድሞ የአቶም ኃላፊ ተናገሩት ተብሎ በሱዳን ጋዜጦች ወጣና አገሩን አወከ። ካንሰር በበዛበት መንደር ይህ ወሬ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ሕዝቡ የሚያምነው፣ ከገዢው ፓርቲም ከግድቡ ባለቤትም ደመወዝ የማይቀበል ለኪ ቢኖር ነገሩ በሳምንታት ይለያል፤ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ይባላል። እንዲህ ያለ ለኪ በሌለበት ግን ክሱም ክህደቱም እኩል ክብደት አላቸው፤ ፍርሃት ደግሞ እንደ ሲዚየም ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ለጨረር መከላከል የሚከፈል የሕዝብ ገንዘብ፣ ሕዝቡ ስለማያየው ነገር የሚያምነው ቃል እንዲኖረው የሚከፈል ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ማለፍ አይገባም። እናቶች ሲወልዱ በሚሞቱበት፣ ወባ በየዓመቱ በሚመለስበት፣ ዳቦ በወረፋ በሚገዛበት አገር ስለ ሚሊሲቨርት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ዛሬ በረሃብ የሚሞት ልጅ ዓይን እያየ፣ ምናልባት ለሚደርስ ካንሰር ገንዘብ መመደብ ጭካኔ አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለበት። ማንም ቢሆን የዛሬውን ረሃብ ለነገው ግምት መሸጥ የለበትም። ይሁን እንጂ ምርጫው በዳቦና በጨረር መካከል የነበረው ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ነው። ኮባልቱ ከመርከብ ወርዶ ካርቱም ከደረሰ በኋላ ጥበቃው አማራጭ መሆኑ ቀርቶ የዋጋው ክፍል ሆኗል። ግማሽ ዋጋውን ብቻ ከፍሎ ዕቃውን መውሰድ፣ ቀሪውን ሒሳብ ለቆራሌውና ለልጆቹ ማስተላለፍ ነው። ጎያንያ ውስጥ ቀሪውን የከፈሉት ክሊኒኩን ያቋቋሙት አልነበሩም፤ ድኾቹ ነበሩ። ለድኻ የሚቆረቆር ሁሉ ይህን ሒሳብ ሊያየው ይገባል።

ደንቡን ከውጭ ማምጣት፣ ባለሙያውን ሲያስፈልግ መጥራት አይበቃም ወይ የሚልም አለ። ደንብ ይመጣል፤ የኡሮን ዐለት የሚለካ ግን ከውጭ አይመጣም። በ2023 ሚያዝያ ከካርቱም መጀመሪያ የወጡት የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ አገሮች ዜጎቻቸውን በአውሮፕላንና በመርከብ አወጡ። አደጋ ሲመጣ ጥሪ የሚቀበለው እዚያው የቀረ ሰው ነው። የምንከፍለውም ለእርሱ ነው።

ለምን የሕዝብ ገንዘብ? የጨረር ምንጭ የሚያተርፍበት ሆስፒታል፣ የዘይት ኩባንያ ወይም የኃይል ማመንጫ ለጥበቃው መክፈል አለበት፤ የአቶሚክ ኤጀንሲው የደኅንነት መርሆችም የመጀመሪያውን ኃላፊነት የሚጥሉት በባለ ፈቃዱ ላይ ነው። ነገር ግን ከፋዩና ለኪው አንድ ከሆኑ ልኬቱ ለከፋዩ ያደላል። ሻጩ ራሱ ተቆጣጣሪውን ካሠለጠነ፣ ተቆጣጣሪው የሚያውቀው ሻጩ ያሳየውን ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ኩባንያ ይከስራል፣ ክሊኒክ ይዘጋል፤ ጎያንያም ይኸው ነው። ከሁሉም በላይ የዕዳው ወራሾች፣ ያልተወለዱት፣ ገበያ ውስጥ ድምፅ የላቸውም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ በ1979 ባወጣው የኃላፊነት መርሕ መጽሐፉ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፦ ኃይላችን ርቆ የሚደርስ ከሆነ ኃላፊነታችንም እስከዚያው ሊደርስ ይገባዋል። የሕዝብ ግምጃ ቤት፣ ከነጉድለቱ፣ ለሌሉት ሰዎች ሊከፍል የሚችል ብቸኛው ከረጢት ነው።

ግን ግምጃ ቤቱም በየዓመቱ ይለወጣል። ለስድስት ግልበጣ የተጋለጠ ግምጃ ቤት ስለ 30 ዓመት ዕዳ ምን ዋስትና አለው? እዚህ ላይ እኛም ሱዳኖችም ከቤታችን የምንማረው ነገር አለን። የአገራችን ገዳማት መጽሐፋቸውንና ንዋየ ቅድሳታቸውን በጦርነትና በዘመነ መሳፍንት መካከል ያቆዩት በየዓመቱ ከንጉሥ እጅ እየለመኑ አልነበረም። ጉልት ነበራቸው። የመሬቱ ገቢ ለዚያ ቤት አገልግሎት ተለይቶ ይሰጣል፤ ሰነዱ በወንጌሉ ኅዳግ ይጻፋል፤ የሚነካውን ሁሉ የሚያወግዝ ቃል ይታከልበታል። ሱዳኖችም ወቅፍ አላቸው፤ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሕሙማን ተለይቶ የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ሀብት። ሁለቱም ፍጹም አልነበሩም። ጉልት በጭሰኛው ጀርባ ላይ የቆመ ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም ከነሥርዓቱ ተሽሯል፤ ይገባውም ነበር። ሐሳቡ ግን መሬት አይደለም። ሐሳቡ፣ ከነገሥታት ዕድሜ የሚረዝም አገልግሎት ከነገሥታት ፈቃድ የተለየ ገቢ ያስፈልገዋል የሚለው ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ በስዊድንና በፊንላንድ በዘመናዊ መልኩ አለ። የኒውክሌር ማመንጫዎቹ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ለቆሻሻው ማስቀመጫ የሚሆን ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ከመንግሥት ዓመታዊ በጀት ተለይቶ ይቀመጣል። አትራፊው ይከፍላል፣ ጠባቂው ግን ከአትራፊው እጅ አይለምንም፤ በየዓመቱም ሥልጣን የያዘውን ደጅ አይጠናም። ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ሰነፍ መሥሪያ ቤት ሊያሳድግ ይችላል፤ መድኃኒቱ ገንዘቡን መንጠቅ ሳይሆን ልኬቱን በየዓመቱ ለሕዝብ ማተም ነው። ለኪውን ሕዝብ የሚለካው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ አሁን ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና በ1997 በኮባልት ማሽን የጀመረ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት የመላ አገሪቱን ሕመምተኛ የተሸከመው እርሱ ብቻ ነበር። ቃሊቲ ውስጥ የቆላ ዝንብ ወንዶችን በጨረር ለማምከን የተቋቋመ ማዕከል አለን። ሕጉም አለን፦ አዋጅ ቁጥር 79/1986፣ ከዚያ 571/2000፣ ከዚያ 1025/2009። ተቆጣጣሪው አካል ስሙና ቤቱ ተለዋውጦ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ገብቷል። በመስከረም 2025 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ቀጣዩ ሥራ እንደሚሆን አስታወቁ፤ በዚያው ወር ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ።

ሱዳንም ይህን መንገድ ጀምራው ነበር። በ2017 ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ተስማማች፤ በ2018 የአቶሚክ ኤጀንሲው ልዑካን ዝግጁነቷን ለመገምገም ካርቱም መጡ። በ2019 ፕሬዚዳንቱ ወረዱ፤ በ2021 ሌላ ግልበጣ መጣ፤ በ2023 ከተማዋ ነደደች። ግንባታው ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ለጎረቤት መጥፎ መመኘት አይደለም። በመጋቢት 2022 በዩክሬን የዛፖሪዥያ ማመንጫ በወታደር ከተያዘ ወዲህ ጥያቄው የሁሉም አገር ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጥያቄው ከኮንክሪቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

የኃይል ማመንጫን የሚቃወም ጽሑፍ አይደለም ይህ። አገር ብርሃን ትፈልጋለች፤ የካንሰር ሕመምተኛም ጨረር ይፈልጋል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ምሶሶ ከመቆሙ በፊት ሦስት ነገሮች ቆመው ይገኙ። አንደኛ፣ ከኃይል ሻጩም ከኃይል ፈላጊው መሥሪያ ቤትም ደመወዝ የማይቀበል ተቆጣጣሪ፤ ሁለተኛ፣ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የተተከለ፣ ሻጩ ያላዘጋጀው የጨረር መከላከል ትምህርትና ቤተ ሙከራ፤ ሦስተኛ፣ ለሁለቱም የሚሆን፣ በአዋጅ የተለየ፣ በዓመታዊ የበጀት ክርክር የማይነካ ገንዘብ። ይህን ለመክፈል አቅም ከሌለን ማመንጫውን ለመግዛትም አቅም የለንም፤ ዋጋውን ያልጨረሰ ገዢ ባለቤት ሊባል አይችልምና። የምክር ቤት አባል ሆይ፣ የግንባታው ውል ጠረጴዛህ ላይ ሲቀርብ መጀመሪያ የጠባቂውን ደመወዝ ገጽ ግለጥ። ያ ገጽ ባዶ ከሆነ አትፈርም።